የመስኮቡ ውሾች በእህቴ ሳሎን

የእህቴ ባል ሁለቱን ውሾች ይዞ የመጣ ዕለት፣ ከፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ እሱ ተመርጦ እንደተሰጡት ነገረን። እውነቱ ሌላ ነበር። የክር መፍተያ ማሽኖቹን ሊተክል መጥቶ የከረመው መስኮብ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን አከፋፈለ። ማቀዝቀዣው ለሥራ አስኪያጁ ደረሰ፤ አልጋውና ቁም ሣጥኑ ለሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ፤ ሬዲዮኑ ለሾፌሩ። ውሾቹን የሚቀበል ግን ጠፋ። ሰው ሁሉ እጁን ሲሰበስብ የእህቴ ባል ዘረጋ። ይህን ከሾፌሩ ሚስት ሰምቻለሁ። እሱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ «መስኮቡ ከሰው መሀል ዓይኑን አሻግሮ አየና እኔን ጠራኝ» ይላል።

ፊት ለፊት «ጋሼ» እለዋለሁ፣ አንቱም እለዋለሁ። እዚህ ግን «እሱ» ይበቃዋል።

ያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ባሕር ዳር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዳስተምር ተመድቤ ነበር፤ የምኖረውም ከእነሱ ግቢ፣ ከኋላ ካለችው ክፍል ነው። እህቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ውሾቹ ከፋብሪካው መኪና ላይ ሲወርዱ በረንዳው ላይ አብረን ቆመን አየናቸው። ወንዱ ሲቆም ጭንቅላቱ ወገቤን ያልፋል። ሴቷ ትንሽ ታንሳለች፣ ጠጉሯ ግን ይብሳል፤ ዓይኗ የት እንዳለ የሚታወቀው ስትዞር ብቻ ነው። በአገራቸው በረዶ ከማይለየው ተራራ ላይ የበግ መንጋ የሚጠብቁ ናቸው አሉ። እኛ ዘንድ በረዶም ተራራም በግም አልነበረም። ያለን ሁለት መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎንና ከሐይቁ እየተነሣ የሚያላብ ወበቅ ነበር።

ውሾቹ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሩና ቀጥ ብለው ሳሎን ገቡ። ሳሎኑ ቀይ ቀለም የተቀባ ሲሚንቶ ነው፤ ከግቢው ሁሉ ቀዝቃዛው ቦታ እሱ ነበር። ሆዳቸውን ወለሉ ላይ ዘርግተው ተኙ፣ አልተነሡም።

«ኧረ ይውጡ!» አለች እህቴ።

«ለምን ይወጣሉ? ፈረንጅ እኮ ውሻ ውጭ አያሳድርም» አለ እሱ፣ ነጮቹን ሁሉ በልጅነታቸው ያሳደጋቸው ይመስል።

«እኛ ፈረንጅ ነን?»

«ቀስ በቀስ ትለምጃለሽ።»

እኔና እህቴ ያደግነው ከጣና ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነው። አባታችን መሪጌታ ነበሩ። በቤታችን ውሻ ደጃፍ ያልፍ ነበር እንጂ ደፍ አያልፍም። ነጠላችንን ውሻ ከላሰው ሳይታጠብ ቤተ ክርስቲያን አይገባበትም። እኔ ተምሬያለሁ፤ ስለዚህ ነገር ከማንም ጋር መከራከር እችል ነበር፣ ክርክር ብወድ ኖሮ። እህቴ ግን ክርክርም አልነበራትም። ለእሷ ነገሩ እንደ እሳትና ውኃ የታወቀ ነው። እሱም የገጠር ልጅ ነውና አሳምሮ ያውቀዋል፤ የሚያውቀውን ለመርሳት የሚደክም ሰው ደግሞ ካየሁት ነገር ሁሉ የምንቀው ነው።

እንዲህ ኑሮ ጀመርን። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ገፋናቸው። እንግዳ ሲመጣ እግሩን አንሥቶ በውሾቹ ላይ ተራምዶ ይቀመጣል። የሬዲዮው ዳንቴል፣ የሶፋው ልብስ፣ የእህቴ ጥጥ፣ የእኔ የተማሪ ደብተር ሁሉ ጠጉር ለበሰ። ወጥ ውስጥ ጠጉር ስናገኝ ዝም ብለን በጣታችን እናወጣለን፤ እሱ ካየን «ንጹሕ ነው፣ በሳሙና ታጥበዋል» ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሥጋ ቤት ሥጋ ይመጣላቸው ነበር። በኋላ ሥጋ ሲጠፋ ዓሣ አጥማጆች ለሃይማኖተኛው የማይሸጡትን አምባዛ፣ ያንን ቅርፊት አልባ ጢማም ዓሣ፣ በርካሽ ያመጣላቸው ጀመር። ሳሎናችን አምባዛ አምባዛ ሸተተ።

«ጓዶቹ ደኅና አደሩ?» ትለኛለች አንዲት ጎረቤታችን፣ በቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ።

«ዛሬስ ምን በሉ?»

«እኔ እንጃ።»

«እንጃ ትላለች! ያን ሁሉ አምባዛ ተሸክመሽ ያየሁሽ አንቺ አልነበርሽም? ስሚኝ ልጄ፣ ስኳር ሲያልቅብኝ እመጣና ሳሎናችሁ እተኛለሁ። አልጮህም፣ አልነክስም፤ ብቻ አብሉኝ።»

ሰልፉ ሁሉ ይስቃል። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ሴትዮዋን አልተቀየምኋትም። የተናገረችው እኔ በልቤ ከምለው የለዘበ ነው።

ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ውሾቹን በዘንባባው ጎዳና ያንሸራሽራቸዋል። ሁለቱን ብቻውን መያዝ ስለማይችል የሴቷን ገመድ የምይዘው እኔ ነኝ። እንቢ ማለት ነበረብኝ፤ ማለቱን ግን አላውቅበትም። እሱ ካኪውን ለብሶ ደረቱን ነፍቶ ከፊት ይሄዳል፤ ወይም የሚሄድ ይመስለዋል፣ ምክንያቱም ወንዱ ውሻ ነው የሚጎትተው። ልጆች «አንበሳ! አንበሳ!» እያሉ ይከተሉናል። ተማሪዎቼ ከዛፍ ሥር ሆነው እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሁለቱም ውኃ ውስጥ ዘለው ገቡና ከታንኳዎቹ መሀል ተኙ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳው ላይ ቆሞ «ጌታው፣ በጎችዎ ሊሰጥሙ ነው!» አለው።

«ውሻ ናቸው!» አለ የእህቴ ባል።

«እንዴ! ታዲያ ጠጉሩን መቼ ነው የሚሸልቱት?»

ቤት እስክንገባ ድረስ ስለ ሕዝባችን ኋላ ቀርነት ሲያስተምረኝ መጣ።

ለቤቱ ጠባቂ ናቸው ይል ነበር። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሌባ አጥር ዘሎ ገባና ከማስጫው ገመድ ላይ የእሱን ካኪ ሱሪ ወሰደ። እህቴ በመስኮት አይታ ጮኸች። ውሾቹ ከሳሎን በር ላይ ሆነው ጭንቅላታቸውን ቀና አድርገው ሌባውን ተመለከቱት፣ ከዚያ እኛን ተመለከቱን፣ ከዚያ ተመልሰው ተኙ። እኛ ምናቸውም አልነበርንም። ይህ እሱን አልገባውም። «ሌባው ፈርቶ ነው ኮቱን ያልወሰደው» አለ።

በክረምቱ መጨረሻ እህቴ ሴት ልጅ ወለደች። አራስ ቤቱን ጠበል ሊረጩ የነፍስ አባታችን መጡ። ከልጅነታችን የሚያውቁን፣ ከአባታችን ጋር ቅኔ የተቀኙ ሽማግሌ ናቸው። በረንዳው ላይ ወጡና ሳሎኑን አይተው ቆሙ። ወንዱ ውሻ ከበሩ ላይ እግራቸው ሥር ተንፈራጦ ያንኮራፋል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ።

«ውሻ ነው አባ» አልሁ።

«ውሻ መሆኑንማ አየሁት። እዚህ ምን ይሠራል?»

የእህቴ ባል ከውስጥ ወጣ። «አባ፣ ይግቡ፣ አይነካዎትም። የሠለጠነ ነው።»

«እኔ መቼ ፈራሁት? ውሻው ሲወጣ እገባለሁ።»

«ፀሐይ ይገድለዋል፤ ጠጉሩን አያዩም?»

አባ መስቀላቸውን ከነጠላቸው ሥር መለሱት። ከዚያ አራሷ ወደተኛችበት ክፍል መስኮት ዞረው ቆሙና ለእህቴ በመስኮቱ ተናገሯት። «ልጄ፣ አንቺን ከዚህ ሆኜ ባርኬሻለሁ። ሕፃኗን ግን ውሻ ከሚያድርበት ቤት አንሥታችሁ ለክርስትና አታምጡብኝ። በሰማንያ ቀኗ ቤትሽ ንጹሕ ከሆነ አጠምቃታለሁ፤ መጥቼም ጠበል ጸዲቅሽን እባርካለሁ። ካልሆነ ሌላ ካህን ፈልጊ።»

እህቴ የዚያን ዕለት አላለቀሰችም። ሕፃኗን አቅፋ ግድግዳ ግድግዳ ታያለች። «ልጄ አረመኔ ሆና ልትቀርብኝ ነው» አለችኝ። ለባሏ ብትነግረው የመለሰላት «ክርስትናውን እኔ አልከለከልሁም» የሚል ነው። እንዳልከለከለ እውነት ነው። ያን ጊዜ ለፓርቲ አባልነት ታጭቶ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን መታየት አይፈልግም፤ ሚስቱ ሕፃኗን ይዛ ብትሄድ ግን አላየሁም ለማለት ተዘጋጅቷል። ይልቅስ በክርስትናው ቀን ሥራ አስኪያጁን ምሳ ሊጋብዝ አስቧል፤ ግብዣው የክርስትና ሳይሆን «እንዲሁ ምሳ» ነው። የአባልነቱን ድጋፍ የሚሰጡት ሥራ አስኪያጁ ናቸው። አንድ ጊዜ በመኪናቸው መስኮት ውሾቹን አይተው «ጥሩ ናቸው» ብለውት ነበር። ስለዚህ ውሾቹ በዚያ ቀን ሳሎን መሀል ተኝተው መገኘት ነበረባቸው። እህቴ የነፍስ አባቷን፣ እሱ ሥራ አስኪያጁን ለዚያው አንድ ሳሎን ይጠብቁ ጀመር።

ጥቅምት ላይ የእሱ እናት ከመራዊ ወዲያ ካለው አገራቸው መጡ። ለክርስትናው የሚታረድ ሙክት በግ በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አስጭነው አምጥተዋል። በግቢው በር ሲገቡ በመጀመሪያ ያዩት ውሾቹን ነው።

«ውይ ልጄ! ይህ ሁሉ ጠጉር ባክኖ!» አሉ። «በመቀስ ብንለው አንድ የሚደረብ ባና ይወጣዋል።»

«እማዬ፣ ውሻ እኮ ነው» አለ ልጃቸው።

«ታዲያ ባናው ይጮሃል?»

በጉን ከዘይቱን ዛፍ ሥር አሰሩት። ሙክቱ አዲስ አገር ስለሆነበት ጮኸ። ያን ጊዜ ሁለቱ ውሾች ከሳሎኑ ወለል ላይ አንድ ላይ ተነሡ። ከመጡ ጀምሮ እንዲህ ፈጥነው ሲነሡ አላየንም። ጆሯቸው ቆመ። በረንዳውን ወርደው በጉን አሸተቱት። ወንዱ አፍንጫውን ላሰው፤ ሴቷ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞረች። ከዚያ ግራና ቀኙን ተኙ። ሲመሽ እሱ ሊያስገባቸው ጠራቸው፣ በአምባዛ ጠራቸው፣ በገመድ ጎተታቸው። ቀና ብለውም አላዩት።

እኔ በክፍሌ በር ላይ ቆሜ አይ ነበር። እነዚህን እንስሳት ለመጀመሪያ ጊዜ አልናቅኋቸውም። ለካ ስንፍና አልነበረም፤ ሥራ አጥተው ነበር የተኙት። በተቀመጡበት ቤት ውስጥ ለጥበቃ የሚበቃ ነገር አላገኙም ነበር፤ እኔም ከዓመት በላይ ኖሬበት አላገኘሁም።

በማግሥቱ እህቴ ሳሎኑን በሙቅ ውኃና በአመድ አጠበችው። ሁለት ጊዜ አጠበችው። ጠጉሩን ከየስንጥቁ በመርፌ አወጣን። ከዚያ ነጠላዬን ለብሼ አባ ዘንድ ሄድሁና ውሾቹ እንደወጡ ነገርኋቸው።

«ማን አወጣቸው?» አሉኝ።

«በግ ነው አባ።»

«መልካም። እንግዲህ በክርስትናዋ ቀን ከቅዳሴ በኋላ መጥቼ አየዋለሁ። ደጃፍ ላይ ሆኜ ውሻ ካየሁ ግን፣ ከሰው ፊት እመለሳለሁ፤ ይሉኝታ አልይዝም።»

የክርስትናው ቀን እሑድ ነበር፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል። በጠዋት እኔና እህቴ ሕፃኗን ይዘን፣ ከክርስትና እናቷ ጋር፣ ውሾቹ እየተመለከቱን ከግቢው ወጣን። ነጠላችን ነጭ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ልጅቱ ጮኸች፣ ተጠመቀች፣ ሜሮን ተቀባች፣ ማተብ ታሰረላት። እህቴ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ስንመለስ ግን ገና ከበሩ ላይ ነገሩ እንዳልሆነ አየን።

የእህቴ ባል ቢላዋውን በእጁ ይዞ የማገዶው ክምር ላይ ተቀምጧል። አዲሱ ካኪ ከጀርባው ጭቃ ብቻ ነው። በጉን አብሮት ሊያርድ የመጣው ጎረቤታችን ሽንት ቤቱ ውስጥ ገብቶ በበሩ ክፍተት ያያል። በጉ ከዘይቱኑ ሥር ቆሞ ያመሰኳል። ውሾቹ ከፊቱ ቆመዋል።

«ምን ሆናችሁ?» አለች እህቴ።

አማቷ ከድስቱ ጎን ሆነው መለሱ። «ቁሌቱ ከበሰለ ቆየ። ሥጋው ግን ይኸው በእግሩ ቆሟል።»

ጠዋት ባሏ የበጉን ገመድ ሲስብ ሴቷ መሀል ገባች አሉን። በእግሩ ሲገፋት ወንዱ ውሻ ሁለት የፊት እግሩን ደረቱ ላይ አደረገና ቀስ ብሎ አጋደመው። አልነከሰውም። ቆሞበት ብቻ ፊቱን አየው። ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ ሦስት ጊዜ ተጋደመ። ጎረቤታችን አንድ ጊዜ በቃው።

«ያበላኋቸው እኔ ነኝ!» ይላል የእህቴ ባል፣ ድምፁ ሊያለቅስ እንደደረሰ ልጅ ቀጥኖ። «አምባዛውን በእጄ ያበላሁ እኔ!»

«በጉንስ ማን አበላው?» አለ ጎረቤታችን ከሽንት ቤቱ ውስጥ።

ያን ጊዜ የእህቴ ባል መላ የመጣለት መሰለውና ተነሣ። በሳህን ጥሬ ሥጋ ይዟል፤ ከየት እንዳገኘው አላውቅም። «ሳሎን እንወርውርላቸው። ሲገቡ በሩን እንዘጋባቸዋለን፤ በጉን እስክናርደው ነው። በጉ ከታረደ በኋላ እንደ ድሯቸው እዚያው ይተኛሉ። ሥራ አስኪያጁም ሲመጡ ያገኟቸዋል።»

እህቴ ሕፃኗን ለእኔ ሰጠችኝ። «አይገቡም» አለች።

«ምን?»

«አይገቡም። በጉም አይታረድም።»

«እብድ ነሽ? ሥራ አስኪያጁን ሽሮ ላበላቸው ነው?»

«አብላቸው። ቤቴ ሽሮ አለ።»

አማቷ ማማሰያቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «ኧረ ልጄ፣ ክርስትና ያለ ሥጋ? ከመራዊ ድረስ በጣሪያ ተጭኖ የመጣ ሙክት! አገር ምን ይለናል?»

«እማማ፣ ቤቴን ያጸዳልኝ የእርስዎ በግ ነው። እሱ ከሞተ እነዚህ ተመልሰው ይገባሉ። አባ ደግሞ አሁን ከመንገድ ናቸው።»

«ዛሬ ገብተው ነገ ቢወጡስ?» አለ ባሏ።

«ዛሬ ነው ያልኩህ!» ብላ ጮኸች። እህቴ ስትጮህ ውሾቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩአት።

እኔ ሕፃኗን እንዳቀፍሁ ሄጄ የሳሎኑን በር ዘጋሁትና ደፉ ላይ ተቀመጥሁ። የእህቴ ባል ሳህኑን ይዞ ፊቴ ቆመ። «ተነሺ» አለኝ። አልተነሣሁም። ልጅቱ በእጄ ላይ ስለነበረች ሊገፋኝ አልቻለም፤ ሊለምነኝ ደግሞ አልወደደም። ቆሞ ቆሞ ሥጋውን አጥር ሥር ደፋው። ጎረቤታችን ከተደበቀበት ወጥቶ፣ ከእርድ ነፃ በመውጣቱ ፊቱ እየበራ፣ ከታንኳዎቹ ቆሮሶ ዓሣ ሊገዛ ወደ ሐይቁ ሮጠ።

ሥራ አስኪያጁ በመኪና ደረሱ። ከእሳቸው ኋላ፣ ጃንጥላቸውን በክንዳቸው ይዘው፣ አባ በእግር ደረሱ። በግቢው በር ላይ እኩል ገቡ። የእህቴ ባል ፊቱ አመድ መሰለ። ማንን ከማን እንደሚደብቅ ቸግሮት «እኚህ… ጎረቤት ናቸው… አዛውንት ናቸው» አለ። አባ ለሰላምታው አልቆሙም። ወደ በረንዳው ወጡ። እኔ ከደፉ ላይ ተነሥቼ በሩን ከፈትሁላቸው። ወለሉን አዩ፣ ማዕዘኑን አዩ፣ ከሶፋው ሥር ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። እህቴ ተከተለቻቸው፤ ዳቦውና ጠላው ከጠረጴዛው ላይ ተሸፍኖ ይጠብቃል። ጸሎቱን ጀመሩ።

የእህቴ ባል ሥራ አስኪያጁን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ዘይቱኑ ዛፍ ወሰዳቸው። ከሳሎኑ የሚወጣውን ድምፅ ሊሸፍን ፈልጎ ይጮህ ጀመር። ውሾቹን ከበግ ጋር እንዲስማሙ ያሠለጠናቸው እሱ መሆኑን፣ ሳይንሳዊ ዘዴ መሆኑን፣ ለገበሬ ማኅበራት ሁሉ ሊዳረስ እንደሚችል ይናገራል። ጀርባው ላይ ጭቃው ደርቆ እየተሰነጠቀ ይረግፋል።

ሥራ አስኪያጁ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ሳሎኑ አዙረው ነበር።

«ጓድ» አሉት፣ «ድምፅህን ቀንስ። አባ የሚሉት አይሰማኝም።»

እኔ ሕፃኗን ይዤ ወደ እህቴ ገባሁ።